የአዋሽ ውሃ አስቀድሞ ይለካ፦ በወንዙ ላይ አዳዲስ ግድቦች እንዲሠሩ ለሚጠይቅ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የአዋሽ ወንዝን ችግርና መፍትሔ የሚያትት አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ለወንዙ ያላቸው ተቆርቋሪነት ከጽሑፋቸው በግልጽ ስለሚነበብ ምላሼን የምጽፈው በአክብሮት ነው። የሐሳባቸው ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ የአዋሽ ዋና ችግር የውሃ እጥረት ስለሆነ በላይኛው ተፋሰስና በገባር ወንዞች ላይ ተጨማሪ ግድቦች ይሠሩ፤ ከአዲስ አበባና ከሞጆ የሚወርደውን ብክለት የቆቃ ግድብ ሐይቅ አጣርቶ ስለሚለቀው ከግድቡ በታች ያለው ሕዝብ ሊሰጋ አይገባም፤ ውሃ የፈጣሪ ስጦታ ስለሆነ ከመስኖ ተጠቃሚ ክፍያ መጠየቅ አግባብ አይደለም፤ በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ መስፋፋት የተፈጥሮ ጉዳይ ስለሆነ በአስተዳደር የሚፈታ አይደለም፤ እያንዳንዱ ክልል በወሰኑ ውስጥ የሚያልፈውን ውሃ ራሱ ያስተዳድር፤ በመጨረሻም ወንዙ የሚያልቅበት አቤ ሐይቅ የሚደርሰው ውሃ ማንም ያልተጠቀመበት፣ ባክኖ የቀረ ውሃ ነው።

እኔ በመካከለኛው አዋሽ በመስኖ ሥራ ላይ ለዓመታት የኖርኩ ሰው ነኝ። በእነዚህ ዓመታት ካየሁት ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ፣ ከወንዙ ማን ምን ያህል ውሃ እንደሚወስድና ምን ዓይነት ውሃ እንደሚመልስ በየመጥለፊያውና በየማፋሰሻው በቅጡ አለመለካቱ ነው። ይህ ባልተደረገበት ሁኔታ የሚቀርብ ማንኛውም የግድብ ዕቅድ የማይታወቅ ሒሳብ ላይ ሌላ ሒሳብ መደመር ይሆናል። ወደ ነጥቦቹ ልግባ።

ጸሐፊው «አዋሽ ውሃ አጠረው» ሲሉ የሚያነሡት ማስረጃ በበጋ ወራት የወንዙ መቅጠንና በ2008 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ወቅት የታየው ችግር ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ በረሃ ውስጥ የሚቀረው ይህ ወንዝ፣ በተፋሰሱ ውስጥ በአማካይ በዓመት የሚያስገኘው የገጸ ምድር ውሃ ወደ 4.9 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ይገመታል። የቆቃ፣ የከሰምና የተንዳሆ ግድቦች ሲሠሩ የነበራቸው የመያዝ አቅም ቢደመር ደግሞ 4 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ይመጣል። በሌላ አነጋገር፣ ተፋሰሱ በዓመት ከሚያስገኘው ውሃ አብዛኛውን የሚያህል መጠን ሊያጠራቅም የሚችል ግንባታ ዛሬም በቦታው አለ። ታዲያ በዚህ ላይ ሌላ ግድብ የሚጨምረው ምንድን ነው? ጸሐፊው ይህን ጥያቄ ሳያነሡ አልፈዋል።

ያለው ግንባታ ለምን አልበቃንም የሚለውን ብንመረምር መልሱ ከግድብ ውጭ ይገኛል። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ከመጀመሪያው የመያዝ አቅሙ ሲሶ ገደማውን በደለል ተነጥቋል። ደለሉ የመጣው ከላይኛው አዋሽ ተዳፋት እርሻዎች፣ እንዲሁም በቀጥታ ወደ ሐይቁ በሚገባው የሞጆ ወንዝ ዙሪያ ካለው በጎርፍ የተቦረቦረ መሬት ነው። በደለል የተያዘው ቦታ በክረምት ጎርፍ የሚያርፍበት ቦታም ነበር። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ በአሚባራ፣ በገዋኔና በታችኛው አዋሽ ወረዳዎች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያፈናቀለውን ጎርፍ ያየ ሰው፣ በአንድ ወንዝ ላይ የውሃ እጥረትና የውሃ መብዛት በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው እንደሚመጡ ይረዳል። ከላይ ያለው መሬት ሳይጠበቅ የሚሠራ አዲስ ግድብ የቆቃን ታሪክ ከመድገም አያልፍም። እርከን፣ ከንክኪ የተጠበቀ ተዳፋትና በጎርፍ የተቦረቦረ መሬት ማዳን ሪባን የሚቆረጥላቸው ሥራዎች ባይሆኑም የግድብ ዕድሜ የሚለካው በእነሱ ነው።

ከዚህ ጋር መነሣት ያለበት ሌላ ነገር አለ። በስምጥ ሸለቆው ሙቀት ከግድብ ሐይቅ ላይ የሚተነው ውሃ በተንዳሆ አካባቢ በዓመት ከ2 ሜትር ጥልቀት ይበልጣል። ይህም ማለት እያንዳንዱ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሐይቅ ገጽ በዓመት ቢያንስ 2 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ለፀሐይ ያስረክባል ማለት ነው። የተንዳሆ ግድብ 60,000 ሄክታር የሸንኮራ አገዳ ያጠጣል ተብሎ ቢሠራም ቦዩ፣ እርሻውና ፋብሪካው ከግድቡ ወደ ኋላ በመቅረታቸው መሬቱ በታሰበው መጠን አልለማም። ውሃ ያዝን፣ ነገር ግን አልተጠቀምንበትም፤ ከያዝነውም የማይናቅ ድርሻ ተነነ። ጸሐፊው ይህን ግድብ የሚጠቅሱት በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ያውም እንደ ስኬት መሆኑ አስገርሞኛል።

የብክለቱን ነጥብ በሰፊው መመለስ የምፈልገው ከሁሉም ይበልጥ አደገኛ ስለሆነ ነው። «ቆቃ ያጣራዋል» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት አለው፤ ሐይቁ ውስጥ ውሃው ስለሚረጋ ጭቃውና ከጭቃው ጋር የተጣበቀው ብረት ነክ ንጥረ ነገር ወደ ታች ይዘቅጣል። ከግድቡ የሚወጣው ውሃ ለዓይን የጠራ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ነገር ግን በውሃው የሟሟው ጨውና ማዳበሪያ አይዘቅጥም። ከትልቁና ከትንሹ አቃቂ ወንዞች በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል የሚወርደው የከተማ ፍሳሽ፣ ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያ፣ ከሞጆ አካባቢ ቆዳ ፋብሪካዎች የሚለቀቀው ፍሳሽ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ተሸክሞ ይገባል። ይህ በሞቃትና በረጋ ሐይቅ ውስጥ ለሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ጥሩ ቀለብ ነው። ቆቃ በተደጋጋሚ አረንጓዴ ለብሶ የሚታየው ስለዚህ ነው። ከእነዚህ አልጌዎች አንዳንዶቹ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ፤ ውሃውን ማፍላት ደግሞ ይህን መርዝ አያጠፋውም። በሐይቁ ዳር የምትኖር እናት ለልጇ ውሃ አፍልታ ስትሰጥ የተማረችውን ጥንቃቄ ሁሉ ፈጽማለች፤ አደጋው ግን ከጥንቃቄዋ በላይ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሐይቅ ማጣሪያ ብሎ መጥራት ከባድ ስሕተት ነው።

የዘቀጠው ክሮሚየምና ሌላው ብረት ነክ ነገርም ለዘለዓለም ተቀበረ ማለት አይደለም። ጎርፍ ሲመጣ ዝቃጩ ይታወካል፤ ዓሣው የሚመገበው ከዚያው ሐይቅ ነው፤ ከቆቃ በላይ በአቃቂ ዳርቻ የሚበቅለው ጎመንና ሰላጣ ደግሞ ማጣሪያ የተባለው ሐይቅ ጋ ሳይደርስ ከፍሳሹ በቀጥታ ይጠጣል፤ ያ አትክልት ደግሞ ተመልሶ የሚሸጠው አዲስ አበባ ገበያ ውስጥ ነው። አዳማን የመሰሉ ከተሞች ከግድቡ በታች የሚጠጡትን የሚቀዱት ከአዋሽ መሆኑን ጸሐፊው አላነሡም። አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ ለምን ጉድጓድ አይቆፍሩም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። በወንጂና በመተሐራ አካባቢ የሚገኘው የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ከዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ ማለትም በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም፣ በላይ ፍሎራይድ አለው። ጥርሳቸው የበለዘ፣ አጥንታቸው የተጎዳ ሰዎችን በወንጂ መንደሮች ማግኘት አያስቸግርም። ስለዚህ በዚያ አካባቢ የወንዙ ውሃ ለብዙ ሰው የቀረ ብቸኛ አማራጭ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱም የሕይወት ጉዳይ ነው።

ብክለቱን ከምንጩ መከላከል የሚያስችል ሕግ የለንም የሚል ክርክርም አይሠራም። አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአካባቢ ብክለት ላይ ግዴታ ጥሏል፤ ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ለነባር ፋብሪካዎች ደረጃውን ለማሟላት 5 ዓመት ሰጥቷቸው ነበር፤ ያ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኪዩብ ማከም እንዲችል መስፋፋቱ እውነተኛ እርምጃ ነው። ነገር ግን ማጣሪያ ጣቢያ የሚያክመው በመስመር ወደ እሱ የደረሰውን ፍሳሽ ብቻ ነው፤ ከቤትና ከፋብሪካ ቀጥታ ወንዝ የሚገባው ቧንቧ ሁሉ ከእሱ ዓይን ውጭ ነው። ጸሐፊው ለአዲስ ግድብ የሚጠይቁት ገንዘብ ጥቂቱ እንኳ በየፍሳሽ መውጫው ናሙና ለሚወስዱ ባለሙያዎችና ለላቦራቶሪ ቢውል የበለጠ ይጠቅም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ውሃ የፈጣሪ ስጦታ ነው በሚለው ላይ ከጸሐፊው ጋር ክርክር የለኝም። ልዩነታችን ስጦታው ወደ እርሻ እንዲደርስ የሚወጣውን ወጪ ማን ይሸፍን በሚለው ላይ ነው። በደጋው ባህላዊ መስኖ ያለው ሰው ይህን ከእኛ በፊት ያውቀዋል፤ የውሃ አባት የሚባል ሰው አለ፣ ተራ አለ፣ ቦይ ጠረጋ ላይ ያልወጣ ሰው ተራው ይታለፋል። ማንም ፈጣሪን ተጋፉ አላላቸውም፤ ውሃውን በነጻ የሰጠ ፈጣሪ ቦዩን እንደማይጠርግ ያውቃሉ። በአዋሽ ተፋሰስ ደግሞ ለረጅም ዓመታት የቆየው የመስኖ ውሃ ታሪፍ ለ1,000 ሜትር ኪዩብ 3 ብር ነበር። አንድ ሄክታር ጥጥ በዓመት 15,000 ሜትር ኪዩብ ወሰደ ብንል ክፍያው 45 ብር ነው። ይህ ከባድ ሸክም ነው የሚል ሰው ሰፊ የንግድ እርሻዎችን ወክሎ ካልሆነ በስተቀር ቁጥሩን አልተመለከተም። ታሪፉ የሚወቀሰው ዝቅ ብሎ ውሃ በማባከን ላይ ምንም ዋጋ ስለማያስከፍል ነው፤ በዚያ ላይ መለኪያ በሌለበት ቦይ የሚከፈለው በተወሰደው ውሃ ሳይሆን በሄክታር ግምት ነው። እኔ በሠራሁበት አንድ የመስኖ ቦታ የውሃ ከፍታ መለኪያው ሰሌዳ ተሰብሮ፣ በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር በር ምን ያህል እንደተከፈተ በዓይን ከመገመት የመጣ ነበር። ተጠያቂ ሰው ለመፈለግ ብዬ አይደለም የማነሣው፤ እኛም ለወራት ያንኑ ግምት እየጻፍን ስለኖርን ነው።

ጸሐፊው ስለ ትንንሽ ገበሬዎች የሚያነሡት ስጋት ግን ተገቢ ነው። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ባህላዊ መስኖን ከፈቃድ ግዴታ ነጻ አድርጓል፤ ለቤት ፍጆታ የሚውለው ውሃ ከማንኛውም ሌላ አገልግሎት ይቀድማል ሲልም ደንግጓል። ይህ እንዲጠበቅ መጠየቅ ሁላችንንም ያስማማናል። ከዚያ ባለፈ ግን ሺህ ሄክታር የሚያጠጣ ድርጅትና ግማሽ ሄክታር ሽንኩርት ያለው ገበሬ በአንድ «ተጠቃሚ» ስም ሲጠሩ፣ የድሃው ስም የባለሀብቱን ነጻ ውሃ መከላከያ ይሆናል።

ስለ በሰቃ ጥቂት ብቻ ልበል። ሐይቁ ከስድሳ ዓመት በፊት 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በኋላ ከ40 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ሰፍቶ የመተሐራን አካባቢ፣ የባቡር ሐዲዱንና ወደ ጂቡቲ የሚወስደውን መንገድ አስጨንቋል። ስለ መነሻው ባለሙያዎች በሁለት ወገን ሲከራከሩ ቆይተዋል፤ አንዳንዶች የስምጥ ሸለቆውን የከርሰ ምድር እንቅስቃሴና ፍል ውሃዎቹን፣ ሌሎች በዙሪያው ካለው መስኖ ወደ ሐይቁ የሚሰርገውን ውሃ ይጠቅሳሉ። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ብቻ ወስደው «ስለዚህ የአስተዳደር ጉዳይ አይደለም» ይላሉ። መነሻው ምንም ቢሆን ጨዋማውን ውሃ በቦይ ወደ አዋሽ ስንለቅ በየዕለቱ ምን ያህል እንልቀቅ የሚለው ውሳኔ የሰው ውሳኔ ነው፤ ውጤቱንም በታች ያለው እርሻ ይቀምሰዋል።

በአሚባራና በመልካ ሰዲ የደረሰውን ላየ ሰው ይህ ተራ ነገር አይደለም። በእነዚያ የጥጥ እርሻዎች መስኖው ሲጀመር ከ10 ሜትር በታች የነበረው የከርሰ ምድር ውሃ፣ ማፋሰሻ ቦይ ሳይሠራ መሬቱ ለዓመታት በመስኖ በመጠጣቱ ከመሬቱ ገጽ ጥቂት ሜትር እስኪቀረው ድረስ ወጥቶ ጨው ይዞ መጣ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ጥሩ ስለነበር ማንም አልደነገጠም፤ በኋላ ግን በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ነጭ ቅርፊት ለብሶ ተተወ። ያ መሬት ከመስኖው በፊት የአፋር አርብቶ አደር የበጋ ግጦሽ ነበር። ጥጡም አልቆየ፣ ሣሩም አልተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኛው ቦታ ፕሮሶፒስ በተባለ ወራሪ እሾህማ ዛፍ ተይዟል።

እያንዳንዱ ክልል ድርሻውን ያስተዳድር የሚለው ሐሳብ ላይ ላዩን ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል። ይሁን እንጂ ኦሮሚያን፣ አዲስ አበባን፣ አማራን፣ አፋርን፣ ሶማሌንና ድሬዳዋን የሚነካ ተፋሰስ በወሰን ከተቆረጠ፣ ከላይ ያለው የጥቅሙ ባለቤት፣ ከታች ያለው የጉዳቱ ባለቤት ይሆናል። ከቦርከና፣ ከሚሌና ከሎግያ የሚወርደው ጎርፍ በአማራ ደጋ ተነሥቶ የሚያጥለቀልቀው አፋርን ነው፤ በደጋው እርከን ለመሥራት ገንዘብ የሚመድበው አካል ጎርፉ የሚጎዳው አካል አይደለም። ሕገ መንግሥቱም ይህን አስቦ በአንቀጽ 51 ንኡስ አንቀጽ 11 ሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ውሃዎችን አጠቃቀም የመወሰንና የማስተዳደር ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል።

ጸሐፊው የተፋሰስ ተቋም ውጤት አላመጣም ሲሉ ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በኋላ መልኩ ተለዋወጠ፤ በአዋጅ ቁጥር 534/1999 የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት ታወጁ፤ በ2000 ዓ.ም. የአዋሽ ተፋሰስ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ከዚያም በአንድ የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን ሥር ገባ፤ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ደግሞ ሥራው ወደ ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተጠቃለለ። አንድ ተቋም ሰሌዳው በተቀየረ ቁጥር መዝገቡ ይበተናል፣ ልምድ ያለው ሠራተኛ ይለቃል፣ የወንዙ ዳር መለኪያ ጣቢያ ጠባቂ ያጣል። ከዚህ ተነሥቶ መደምደም የሚቻለው ተቋሙ ተረጋግቶ ይሥራ የሚለውን ነው፤ ይፍረስና ለስድስት ይከፈል የሚለውን ግን አይደለም።

የመጨረሻው ነጥብ ልቤን የነካው ነው። ጸሐፊው አዋሽ ድንበር ስለማይሻገርና ባሕር ስለማይገባ «እስከ መጨረሻዋ ጠብታ» ልንጠቀምበት እንችላለን፤ አቤ ሐይቅ የሚደርሰው ሁሉ ኪሳራ ነው ይላሉ። በደጋው በዓመት እስከ 1,600 ሚሊ ሜትር የሚዘንብ ሲሆን አሳይታ አካባቢ 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚያ ያለ ሰውና ከብት የሚኖረው በራሱ ዝናብ ሳይሆን ከሩቅ በመጣ ውሃ ነው። ክረምት ላይ አዋሽ ከዳርቻው ወጥቶ ሜዳውን ሲያለብስ፣ ከተመለሰ በኋላ የሚበቅለው ሣር ለአፋር ከብት የበጋ ስንቅ ነው። የጋመሪና የአፋምቦ ሐይቆችም በዚሁ ውሃ ይኖራሉ። በ1960ዎቹ አጋማሽ በአፋር የደረሰው እልቂት የዝናብ መጥፋት ብቻ አልነበረም፤ ድርቁ የመጣው ያ የወንዝ ዳር ሜዳ ለጥጥና ለሸንኮራ ተወስዶ አርብቶ አደሩ በክፉ ቀን የሚሸሽበት ቦታ ካጣ በኋላ ነው።

አቤ ሐይቅ ራሱ ከነበረው መጠን ብዙ ቀንሷል፤ ውሃው የሸሸበት ዳርቻ ጨውና አቧራ ሆኗል፤ ከፊሉም የጂቡቲ ነው፤ ስለዚህ ወንዙ ድንበር ባይሻገርም ጉዳቱ ይሻገራል። ወንዙ ባሕር ባለመግባቱም ከአቃቂ ጀምሮ የተለቀቀበት ጨውና መርዝ የሚወጣበት በር የለውም፤ ውሃው ሲተን ሁሉም እዚያው ይቀራል። ጸሐፊው የሚጠይቁት አዲስ ግድብ ዕቅድ ሲቀርብ፣ በሰነዱ ውስጥ ከአሳይታ በታች በየወሩ ምን ያህል ውሃ፣ በምን ያህል ጨዋማነት እንደሚደርስ የሚገልጽ ሠንጠረዥ እንዲካተት፣ ያም ሠንጠረዥ ሳይሞላ ዕቅዱ እንዳይጸድቅ እጠይቃለሁ። ሠንጠረዡን ለመሙላት የሚያስፈልጉት መለኪያዎች ከአንድ ግድብ ዋጋ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ርካሽ ናቸው፤ ለመትከልም የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ አያስፈልግም።